አንቱ ያልኳት

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር የባጃጅ ሾፌሮች እግራቸውን ዘርግተው ያንቀላፋሉ፤ እኛ ቤት ማራገቢያው የሞቀውን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል፤ እናቴ ምንጣፉ ላይ ጋደም ትላለች። እኔ የምጽፈው በዚያች ሰዓት ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር አለኝ፤ ሽፋኑ ላይ «የዕቁብ ሒሳብ» ብዬበታለሁ። ዕቁብ ውስጥ ግን የለሁበትም።

መጻፍ የጀመርኩት ከ3 ዓመት በፊት፣ አንድ ሰው ሽማግሌ የላከብን ሰሞን ነው። በቀደም እነዚያን ገጾች መልሼ አነበብኳቸው። ስለ እርሱ 11 ገጽ ጽፌያለሁ። ደመወዙ አለ፤ ሳቢያን የጀመረው ቤት አለ፤ አክስቴ «በፋኖስ ተፈልጎ የማይገኝ ልጅ» ያለችውም አለ። እጁ የለም፣ ድምፁ የለም። አንድም ቦታ ላይ «ናፈቀኝ» አላልኩም። የምስክሮችን ቃል የምትቀበል የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንጂ የምትታጭ ሴት አልመስልም። መጨረሻው ገጽ ላይ «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብዬ ዘግቼዋለሁ።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሰርግ መጣ። ሂና ልንሞቅ መጋላ ሄድን። ሂና የምትሠራው ሴት ጉልበቷ ላይ ጨርቅ አነጠፈችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ሂናው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ከእጄ አንጓ ጀምራ ሐረግ ስትስል ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሐረጉ ቅጠል ላይ ሲደርስ ትለቀዋለች፤ ያን ጊዜ መዳፌ ይሞቀዋል። «አትንቀሳቀሺ» አለችኝ። ሳልንቀሳቀስ ቅጠሎቹን ቆጠርኩ፤ እንዳያልቁም ተመኘሁ። ሂና እንደተፋቀ ብርቱካናማ ነው፤ የሚጠቁረው ውሎ አድሮ ነው። የእኔም ነገር በሦስተኛው ቀን ነው የጠቆረልኝ።

ደብተሩን ስከፍት አማርኛ አስቸገረኝ። «ወደድኩት» ካሉ ወንድ ነው፤ «ወደድኳት» ካሉ ሴት ናት። ግሱ ራሱ ያሳብቃል። መሸሸጊያ ያገኘሁት አንቱታ ውስጥ ብቻ ነው፤ «ናፈቁኝ» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ስለዚህ ከእኔ የምታንስን ሴት እንደ ንስሐ አባት አንቱ እያልኩ ጻፍኩ። «ዛሬ ቀፊራ አየኋቸው። ሎሚ ይመርጡ ነበር። አንዷን አሽትተው መለሷት።» ስለ አንዲት ሎሚ አንድ ገጽ ተኩል!

ለራሴ ግን አንቱታ አልሠራልኝም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቃል የተቃጠለች ከተማ ስም ተሸክሞ ይመጣል። ከስሜ አጠገብ ጻፍኩትና ብዙ ቆየሁበት። ሙቀቱ ቢመሳሰልም እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሰዶምን አላውቃትም። ሰረዝኩት። በምትኩ ወደዚያ የድሮ ገጽ ተመለስኩና «አልተፈጠርኩም» ካልኩት ሥር «ለካ ተፈጥሬያለሁ» ብዬ ጨመርኩ።

ደቻቱንም ልጠቅስ ጀምሬ ነበር፤ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በድንገት የሚሞላውን። ተውኩት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ሰው ከነቤቱ የወሰደ ጎርፍ ነው፤ የእኔ ነገር ማንንም አልወሰደም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ግን ድርጊቱን በእስራት ይቀጣል። ስለ ማሰብና ስለ መጻፍ አያወራም፤ የሰፈር ሰው ደግሞ አንቀጽ አይቆጥርም።

ትናንት እናቴ ደብተሩን አገኘችው። የከፈተችው ዕቁቡ ለማን እንደደረሰ ልታይ ነው። ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ ጀመረች።

«እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

«የማውቃቸው ናቸው፣ እማዬ።»

«ሚስት አላቸው?»

«የላቸውም።» ውሸት የለበትም።

«ዕድሜያቸው ገፍቷል?»

«ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳሉ።»

ስኒዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ምን አንቱ አስባለሽ?»

ጀበናው ገንፍሎ አዳነኝ።