ብየዳ በቴሌግራም አይለመድም

ሰሞኑን የኮሌጃችንን የ2013 ዓመታዊ ሪፖርት ሳገላብጥ ለኛ ክፍል የደረሰችውን ቦታ አየሁ። ሁለት መስመር። የእጅ መታጠቢያ ተሠርቷል፣ ማካካሻ የተግባር ሥልጠና ተሰጥቷል፣ በቃ። እኔ በዚያ ዓመት ወርክሾፕ ውስጥ የነበርኩ የብረታ ብረት አሠልጣኝ ነኝ። ሁለት መስመር አይበቃኝም።

ኮሌጃችን ከአቃቂ አለፍ ብሎ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ነው። ሠልጣኞቻችን ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከዱከም ሳይቀር ይመጣሉ። መጋቢት 4 ቀን 2012 አርብ ዕለት የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ለ15 ቀን ነው ስለተባለ ልጆቹ ቱታቸውን እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ። የተመለሱት በ2013 ነው።

በመሃል የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ነበር። የደህንነት ሕጉን፣ የሥዕል ንባቡን ላክን። ዳታ ያለው አነበበ። ብየዳ ግን ጆሮ ይፈልጋል። ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ምን ያህል እንደራቀ በድምፁ ነው የሚታወቀው። ሲርቅ ይተፋል፣ ሲቀርብ ይጣበቃል። ይሄን በድምፅ መልእክት ለማስረዳት ሞክሩ እስቲ።

ኮሌጁ ሲከፈት የቀሩት ብዙ ነበሩ። ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ሲያስከፍል በከረመበት ከተማ ማን ይፈርድባቸዋል? አንዱ ግንባታ ላይ ቀን ሥራ ገብቷል፣ አንዷ አረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። የሬጅስትራሯ ሠራተኛ ስልክ እየደወለች፣ ስልኩ ያልሠራውን በጎረቤት እያስጠራች ለቀመቻቸው። አንዱን ባጃጅ ነጂ ስትቆጣው ሰምቻለሁ፦ «አንተ ልጅ፣ ለሲኦሲ ሳትቀመጥ መሪ ላይ ልትቀር ነው?» ሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘናው ነው። በማግስቱ መጣ። ይቺ ሴትዮ በሪፖርቱ የለችም።

የባጃጁ ልጅ ባይመጣ ኖሮ የእጅ መታጠቢያውም ነገር አይሆንም ነበር። በእግር ተረግጦ ውኃ የሚለቅ ነው የምንሠራው። ቱቦላሬውን ቆርጠን፣ ፔዳሉን በይደን፣ ፔዳሉን ከቧንቧው ጋር በሽቦ አገናኘን። ሽቦው በየጊዜው ይበጠሳል። ልጁ ቆሞ አየና «ቲቸር፣ ይሄማ የፍሪሲዮን ካቦ ነው የሚፈልገው» አለኝ። የባጃጅ አሮጌ ካቦ ከነሽፋኑ አምጥቶ ገጠመው፣ ሞላ ጨመርንበት፣ አለቀ። አንዱን ለኛ በር፣ ሌሎቹን ለጎረቤት ትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያው ሰጠን። መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ልክ በዓመቱ፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ክትባት ተጀመረ። የኛ ዘበኛ ጋሼም ተራቸው ሲደርስ ተከተቡ። ከተከተቡ በኋላም ግን ፔዳሉን ያልረገጠ ሰው አያስገቡም፣ ዲኑን ጨምሮ።

ማስክ ሌላ ጣጣ ነበር። ሰማያዊው የፋርማሲ ማስክ ፕላስቲክነት አለው፣ የብየዳ ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጣል። ፊት ላይ! የልብስ ስፌት ክፍል ከአቡጀዲ ድርብ አድርጎ ሰፋልን፣ እኛ ደግሞ የተሰበሩ የመቁረጫ ጠረጴዛዎቻቸውን በየድንላቸው። ዓመቱን ሙሉ ከሁለቱ ክፍሎች መሃል አንድም ደብዳቤ አልተጻፈም። ሥራው የሄደውም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ፈረቃው። ከኮሮና በፊት አንድ መበየጃ ማሽን ላይ አምስት ስድስት ልጅ ይሰለፋል። አንዱ ይበይዳል፣ የቀሩት ስልክ ይነካካሉ። ርቀት ጠብቁ ሲባል ክፍሉን በሦስት ፈረቃ ከፈልነው፣ ቅዳሜንም ጨመርን። ድንገት አንድ ማሽን ለሁለት ልጅ ደረሰ። ኤሌክትሮድ ሲወደድ ከጋራዦች ቁርጥራጭ ላሜራ እየለቀምን ተለማመድን። መብራት ሲጠፋ ልጆቹ በሞረድና በመጋዝ ይሠራሉ፣ መብራት ማታ ከመጣ ማታ እንበይዳለን። እኛ አሠልጣኞቹ ያንኑ ትምህርት ሦስት ጊዜ እየደገምን ድምፃችን ተዘጋ። ሚስቴ እቤት በጥቅሻ ነበር የምታናግረኝ።

ያ ባች ለሲኦሲ ሲቀመጥ ፈራሁ። ከሁሉም በላይ ጊዜ የባከነበት እሱ ነው። ግን እኔ ካሠለጠንኳቸው ሁሉ እጁ የተስተካከለ ባች እሱ ሆነ። የባጃጁ ልጅ ዛሬ ገላን አካባቢ በርና መስኮት ይሠራል። ባጃጁንም አልሸጠም፣ ቱቦላሬ ጣሪያው ላይ አስሮ ያመላልስበታል። ትራፊክ አይየው እንጂ።

ክልከላው ሲላላ ፈረቃውም ቀረ። ሰልፉ ተመለሰ። አስተዳደሩ የአሠልጣኝ ሰዓት አይበቃም ይላል። እውነቱን ነው፣ አይበቃም። እኔ ግን ቢያንስ የአንደኛ ዓመት የብየዳ ክፍል ለሁለት ይከፈል ብዬ ጽፌያለሁ፣ ቅዳሜውን በነፃ እገባለሁ ብዬም ጨምሬበታለሁ። መልስ ሲመጣ እዚሁ እነግራችኋለሁ።