አተላው የት ይግባ? ቡና በሚቆላ ቤት በረንዳ ላይ የክረምት አትክልት

መሃል አዲስ አበባ ላይ ቡና የሚቆላና የሚያፈላ ድርጅት ሁልጊዜ የሚተርፉት ሦስት ነገሮች አሉ፦ አተላው፣ ቡናው ሲቆላ የሚበነው ስስ ገለፈት እና ባዶው የቃጫ ጆንያ። ሦስቱም ለበረንዳ አትክልት ሀብት ናቸው። «ቡና ለተክል ጥሩ ነው» ሲባል የሰማ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አተላውን ከጀበና እንደወጣ ሥሩ ላይ ይደፋዋል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አተላው ውስጥ የቀረው ካፌይን የችግኝን እድገት ያቀጭጫል። ዱቄቱ ደቃቅ ስለሆነ ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ ውሃ አላሳልፍ ይላል፤ በሐምሌ ጭጋግ ደግሞ ይሻግታል። «አፈሩን ያኮመጥጠዋል» የሚለው ስጋት ግን የተጋነነ ነው፤ አብዛኛው አሲድ በመጠጡ ውስጥ ወጥቶ ሄዷል።

ስለዚህ የክረምት አትክልት ሥራ የሚጀመረው መጋቢት ላይ፣ ከኮምፖስት ነው። ክዳን ያለው 60 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ይበቃል። ጎኑንና ታቹን በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ብሱት፤ ከታች ሁለት ጡብ አድርጋችሁ ከወለል ከፍ አድርጉት። ልኩ በስፍር ነው፦ አንድ እጅ አተላ፣ አንድ እጅ የአትክልት ልጣጭ፣ ሦስት እጅ ደረቅ ነገር። ደረቁ ገለፈት፣ የደረቀ ቅጠልና በእጅ የተቀደደ ካርቶን ሊሆን ይችላል። አተላው ከጠቅላላው ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ፤ ሲበዛ ድብልቁ ይጠቀጠቅና አየር ያጣል። ገለፈቱ ነፋስ ሲነካው ለጎረቤት ስለሚተርፍ ከመጨመሩ በፊት ውሃ እርጭ አድርጉበት። ዘይት የነካው ምግብና ሥጋ አይገባም፤ አይጥ ይጠራል።

በሳምንት አንዴ አገላብጡ። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። የሚሰነፍጥ፣ ሽንት ሽንት የሚል ሽታ ካመጣ አተላና ልጣጭ በዝቶበታል፤ ካርቶን ጨምሩ። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ሦስት፣ አራት ወር ይፈልጋል። መብሰሉን ለማወቅ ከሁሉ የሚቀለው ፌጦ ነው። ኮምፖስቱን በሲኒ ሞልታችሁ አሥር ፍሬ ፌጦ ዝሩበት። በሳምንት ውስጥ ስምንቱ ካልበቀሉ ወይም በቅለው ቢጫ ከሆኑ ገና ነው፤ ሌላ ሦስት ሳምንት ይቆይ።

ጆንያው 60 ኪሎ ቡና የያዘው ነው። ብዙ ጊዜ በውስጡ የፕላስቲክ ከረጢት ስላለው እሱን አውጡ፤ ከቀረ ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሩ ይበሰብሳል። የጆንያውን አፍ ወደ ውጭ እያጠፋችሁ ቁመቱን ወደ 35 ሳንቲ ሜትር አውርዱት። ቃጫው አንድ ክረምት ይችላል፤ መስከረም ላይ ታቹ ይበሳል። በቦታው ማዳበሪያ የምንለውን የላስቲክ ጆንያ መጠቀም የሚያዋጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲመታው እየተፈረፈረ አፈሩን በላስቲክ ቅንጣት ይሞላዋል። ቃጫው ይሻላል።

የአፈሩ ልክ፦ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ በወንፊት የተነፋ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)። ከግንባታ ቦታ የተረፈ ሬድ አሽ ሲሚንቶ ያልነካው መሆኑን አረጋግጡ። መረሬ አፈር አታምጡ፤ በዝናብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥሩንም ይበጥሳል። ክብደቱንም አስቡ፤ 40 ሊትር እርጥብ አፈር ወደ 60 ኪሎ ይጠጋል። ጆንያዎቹ ከግድግዳው ሥር ይደርደሩ እንጂ ከበረንዳው ጫፍ ላይ አይከመሩ። ከሥር ሳህን ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ይደረግ፤ ቀይ ውሃ በታችኛው ፎቅ ልብስ ላይ ከወረደ አትክልቱም ጉርብትናውም አይቆይም።

ሰኔ ሲገባ ሁሉም ሰው ቲማቲም መትከል ያምረዋል። አትትከሉ። በዚያ ዝናብና ቅዝቃዜ ገበሬው ምች የሚለው በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉን አጥቁሮ ይጨርሰዋል፤ ድንችንም እንዲሁ። የክረምት በረንዳ የጎመን፣ የቆስጣና የሰላጣ ነው። ዘሩን ግንቦት መጀመሪያ በትሪ አፍሉ፤ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ሰኔ ሚካኤል አካባቢ፣ ወደ ጆንያው አዛውሩ። ለጎመንና ለቆስጣ በመካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለሰላጣ 20 ይበቃል። በዚህ አቆጣጠር የመጀመሪያው ቅጠል ለነሐሴ 1፣ ለፍልሰታ መግቢያ ይደርሳል። ከታች ከታች ቅጠሉን ቁረጡ፤ ከላይ አምስት ስድስት ቅጠል ከተረፈው እስከ መስቀል ይሰጣል።

በክረምት የሚጎድለው ውሃ ሳይሆን ብርሃን ነው። የበረንዳው መከለያ የሲሚንቶ ግንብ ከሆነ ወለል ላይ የተቀመጠ ጆንያ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ችግኙም ይመዘዝና ይወድቃል። 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው አግዳሚ ላይ አውጡት። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ዝናቡ ናይትሮጂኑን አጥቦታል፤ በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ተክል ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ጨምሩ። በረዶ የቆስጣን ቅጠል በአንድ ከሰዓት ወንፊት ያደርገዋል፤ ከላይ ዘንበል አድርጎ የተወጠረ የጥላ መረብ ያድነዋል። በቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ ከታየ በሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ አመሻሽ ላይ ርጩ፤ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ቀንድ አውጣን በባትሪ እያዩ ማታ መልቀም ነው፤ አተላ በዙሪያው መበተን ዝናብ ባለበት አይሠራም።

ጤና አዳም ለብቻው ይተከል። እርጥብ እግር ስለማይወድ የአፈሩ ግማሽ ሬድ አሽ ይሁን፤ ጣሪያ ከሚጋርደው ጥግ አስቀምጡት። ስትቆርጡ ጭማቂው እጃችሁ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ከመታው ቆዳ ስለሚያቃጥል ታጠቡ። ቡና ሲቀርብም በየሲኒው ከመጨመር በትንሽ ሳህን ለብቻ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ነፍሰ ጡር ሴቶች ሊርቁት ይገባልና ምርጫው የጠጪው ይሁን።

ከዚህ በኋላ ቡናውን ይዞ የመውጣት ወቅት ይመጣል፤ ነሐሴ 13 ቡሄ፣ ከዚያ የእንቁጣጣሽ ባዛሮች፣ ከዚያ መስቀል። ለመቶ ሲኒ፣ ሲኒውን 75 ሚሊ ሊትር አድርገን ብናስብ፣ 7.5 ሊትር የተፈላ ቡና ያስፈልጋል። በሊትር 70 ግራም ሒሳብ 525 ግራም የተፈጨ ቡና ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 18 በመቶ ስለሚያጣ ጥሬውን 650 ግራም መዝኑ። ዱቄቱ ራሱ ከአንድ ሊትር ያላነሰ ውሃ ይዞ ስለሚቀር ዘጠኝ ሊትር ጣዱ፤ ለሲኒ ማጠቢያ ሌላ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። በማጥለያ የምታዘጋጁ ከሆነ «ከፈላ በኋላ ትንሽ ይብረድ» የሚለውን ምክር ተዉት፤ እንደፈላ አፍሱት፣ አፈጫጩንም ትንሽ አድቅቁት። ፔርሙዝ ውስጥ የገባ ቡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለሚጎመዝዝ በትንሽ በትንሹ አፍሉ።

ቡሄ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ወተት አይጫን፤ ቡና ቁርሱ ሙልሙልና ቆሎ ነው። ለደመራ፣ መስከረም 16፣ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያስገቡ መንገዶች ይዘጋሉ፣ ፍተሻም አለ። ጋዝና ምድጃ ይዞ ለመግባት ከመሞከር ከተዘጋው መንገድ ውጭ፣ ሰው ወደ ቤቱ በሚመለስበት መስመር ላይ መቆም ይሻላል።

ፍትሐዊ ንግድ የሚል ጽሑፍ የሚለጥፍ ሁሉ ከሥሩ ዋጋውን ይጻፍ። ፌርትሬድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ ሥርዓት ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ ቡና ዝቅተኛው ዋጋ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 1.80 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ የዓለም ገበያ ከዚያ ከበለጠ የሚከፈለው የገበያው ነው። በዚያ ላይ በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ለገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይጨመራል፤ ከእሷም ቢያንስ አምስቷ ለምርታማነትና ለጥራት ትውላለች፣ የቀረውን አባላቱ በጉባኤ ይወስኑበታል። የማኅበሩ ስም፣ የተከፈለው ዋጋና የተገዛበት ዓመት ከሌለበት «ፍትሐዊ» የሚለው ቃል ለገዢው የሚነግረው ነገር የለም። ቡናውን እየጠጣ «ገበሬው ስንት አገኘ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቁጥር መመለስ ግዴታችን ነው።

ከባዛር ስትመለሱ አተላውን ክዳን ባለው ባልዲ ይዛችሁ ግቡ፤ ከመቶ ሲኒ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል እርጥብ አተላ ይወጣል። ታፍኖ ካደረ ይሻግታልና በማግስቱ በስሱ አስጡት ወይም ወደ በርሜሉ ከደረቁ ጋር ክተቱት። ከመስቀል በኋላ የበሰበሰው ጆንያ ተቆራርጦ እዚያው ይገባል። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የቲማቲሙ ጊዜ ነው፤ አፈሩን በአዲስ ጆንያ አድርጋችሁ ሲሶውን በአዲስ ኮምፖስት ተኩና ችግኙን በጥቅምት መጀመሪያ ትከሉ።