አርብ የሚነሣው ካዛንቺስ

የላብራቶሪያችን ኮምፒውተሮች በሙሉ የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ነበራቸው። ስሞቹን ያወጣው ከእኔ በፊት ኔትወርኩን ይመራ የነበረ ባለሙያ ነው፤ ጨዋታ ዐዋቂ እንደነበረ ሥራው ይመሰክራል። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውንና የሚገባውን ሁሉ የሚፈትሸውን መሣሪያ ቦሌ ብሎታል። የሁሉም ሰው ፋይል የተከማቸበት፣ የማይገኝ ነገር የሌለበት፣ ግን ፈልጎ ለማግኘት ግማሽ ቀን የሚፈጀው ትልቁ ሰርቨር መርካቶ ነው። የአፈር መመርመሪያው የተያያዘበት ኮምፒውተር ቄራ፣ ማተሚያዎቹን የሚያስተናግደው ልደታ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበት አሮጌው ሰርቨር ደግሞ ካዛንቺስ ይባላሉ። መሥሪያ ቤታችን ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ስለማይርቅ ሜክሲኮ የሚለውን ስም ዘሎታል። አርቆ አሳቢነቱ ግን እዚያው ላይ አበቃ።

አዲስ ተቀጣሪ ስሞቹን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም ነበር። «ቦሌ ተዘግቷል» ከተባለ ኢንተርኔት የለም፤ «መርካቶ ሞልቷል» ከተባለ የቆየ ፋይል ይሰረዝ ማለት ነው። ይህን ማንም አስጠንቶት ሳይሆን በአንድ ሻይ ሰዓት ወሬ ይገባዋል።

ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ላይ የሚፈላለጉት በነጥብ በተለያዩ ቁጥሮች ነው። ሰው ግን እንዲህ ያለውን ቁጥር በቃሉ ይዞ አይዘልቅም፤ ስም የመጣው ለዚህ ነው። በድሮው ጊዜ የኔትወርኩ ኮምፒውተሮች ስምና ቁጥር ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ፣ ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ባለው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይያዝ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ለዚያ ቢሮ ያሳውቃል፤ ሌላው ፋይሉን እየገለበጠ ይወስዳል። የኮምፒውተሩ ቁጥር ሲበዛ አሠራሩ አላዋጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ስሞቹ በየቦታው ተከፋፍለው የሚተዳደሩበትን ሥርዓት ነደፈ፤ ዛሬም የምንሠራው በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ዶን ሊብስ የተባለ ባለሙያ ለኮምፒውተር ስም ስለማውጣት ብቻ አንድ ሰነድ ጻፈ፤ በኢንተርኔት ሰነዶች መዝገብ ቁጥሩ 1178 ነው። በራስህ ስም አትጥራው፣ አታርዝመው፣ የሚያሳፍር ስም አትስጠው፣ በአንድ ጭብጥ ሥር ያሉ ስሞችን ተጠቀም ይላል። ከክልከላዎቹ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ግን ይህ ነው፦ ሰዎች ለሌላ ነገር ዘወትር የሚጠቀሙበትን ቃል ለኮምፒውተር አትስጥ።

የእኛ የሰፈር ስሞች ሌላም ጣጣ ነበረባቸው። ስሙ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ቄራን በ«ኪው» የሚጀምረው አለ፣ በ«ኬ» የሚጀምረው አለ፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ለአንዷ ማሽን ሃያ ሁለት ማዞሪያ የሚል ስም ወጥቶላት፣ በላቲን ሲጻፍ 16 ፊደል ሆነ፤ ዊንዶውስ በአሮጌው የአሰያየም ሥርዓቱ ከ15 በላይ ስለማይቀበል የመጨረሻዋን ፊደል ጎረዳት። ልጅቷ እስከ ጡረታዋ ድረስ «ሃያ ሁለት ማዞሪ» ሆና ኖረች። ይህ ሁሉ የሚያስቅ እንጂ የሚጎዳ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ ደረሰ። ያን ሰሞን በታክሲም በሻይ ቤትም ወሬው ሌላ አልነበረም፤ ማን ተነሣ፣ ማን የት ቤት ደረሰው፣ የማን ግቢ ቀይ ቀለም ተቀባ። የእኛም ካዛንቺስ በዚያው ሰሞን ታመመ። አንዱ ዲስኩ ተበላሸ፣ ሌላው ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ዕድሜውም ስለገፋ ከአገልግሎት ውጭ እንዲሆን ተወሰነ። ወጣቱ የሥራ ባልደረባዬ ማስታወቂያ ጻፈ፦ «ካዛንቺስ አርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይነሣል። የቀረ ነገር ያላችሁ እስከ ሐሙስ ድረስ እንድታወጡ እናሳስባለን።» በኢሜይል ላከው። በመሥሪያ ቤታችን ልማድ መሠረት ደግሞ ታትሞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ በር ላይ ተለጠፈ።

ያ ማኅተም ነው ጉድ ያፈላው። ከምሳ በፊት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥተው ወደ ቢሯችን መጡ። ካዛንቺስ ተወልደው ካዛንቺስ የኖሩ ሴት ናቸው። ወረቀቱን ከበሩ ላይ ነቅለው ይዘውታል።

«ልጄ፣ ቀኑን ከየት አገኛችሁት? እኛንኮ ጠብቁ ነው ያሉን።»

ባልደረባዬ መጀመሪያ አልገባውም። «ከኃላፊው ጋር ተነጋግረን ነው የወሰንነው፣ እትዬ» አላቸው። እሳቸው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ላብራቶሪው ካዛንቺስን ለማፍረስ ከኃላፊ ጋር ሲወስን የሰሙ መሰላቸው። ነገሩን ስናስረዳቸው አልሳቁም፤ «ለዕቃ የሰው ሰፈር ስም ምን አደረገላችሁ?» ብለው ወርደው ሄዱ። ማስታወቂያው በዚያው ሰዓት «ካዛንቺስ የተባለው ሰርቨር» ተብሎ ታረመ። የታረመው ግን በሩ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ መንገድ ስልክ ነበር። ካዛንቺስ ላይ ፋይል ያላቸው ሰዎች ዝርዝር ወጥቶ ባልደረባዬ እየደወለ ምልክት ያደርግ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ዶክተር ዝዋይ አካባቢ የውኃ ናሙና እየሰበሰበች ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ዶክተር፣ ካዛንቺስ አርብ ይነሣል። ያለዎትን ነገር ቶሎ ያውጡ ለማለት ነው።»

«አመሰግናለሁ ወንድሜ። የእኛ ነገር ሁሉ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል።»

ከስሟ ጎን ምልክት ተደረገ። የእሷ «የእኛ ነገር» የአክስቷ ቁም ሣጥንና አልጋ መሆኑን ያወቅነው ሰኞ ነው። «የኮምፒውተር ክፍል ሰው ስለ አክስቴ ቤት ማን ነገረው ብዬ ገርሞኝ ነበር፤ ደግነቱም ደስ አለኝ» ያለችው በኋላ ነው። የሁለት ክረምት የውኃ ናሙና ውጤቷ ያለው ካዛንቺስ ላይ ብቻ ነበር። መርካቶ ሲሞላባት ወደ መጠባበቂያው ሰርቨር አዛውራው፣ ከመርካቶ ሰርዛዋለች። መጠባበቂያ ማለት ሌላ ቦታ ያለ ነገር ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ ብቸኛው ቅጂ እዚያ ከተቀመጠ ስሙ እንጂ ሥራው መጠባበቂያ አይደለም። ይህን በየስልጠናው እንናገራለን፤ በየስልጠናው ሰው አንገቱን ይነቀንቃል።

አርብ ማታ ሰርቨሩ ጠፍቶ ከመደርደሪያው ወረደ። ደንቡ ዲስኮቹ የሚደመሰሱት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ንብረቱን ሲረከብ፣ ሁለቱም ወገን ባለበት ነው። ባልደረባዬ ሰርቨሩን በጋሪ እየገፋ ወረደ። የግምጃ ቤቱ ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የመመለሻ ቅጹን አነበቡ፣ ሰርቨሩን ዞረው አዩት። በቅጹ ላይ የዕቃው ስም «ካዛንቺስ» ይላል። በሰርቨሩ ግንባር ላይም «ካዛንቺስ» የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ የንብረት ቁጥሩ ግን የትም የለም።

«ልጄ፣ እኔ ካዛንቺስን በሞዴል 19 አልቀበልም።»

ሞዴል 19 ንብረት ገቢ ሲደረግ የሚቆረጠው ደረሰኝ ነው። ባልደረባዬ ለመናቸው። እሳቸው መዝገባቸውን ገልጠው አሳዩት፤ የሚያውቁት ቁጥር ብቻ ነው። ሰዓቱም አሥራ አንድ ተኩል ሆኖ ነበር። ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ፣ ሰርቨሩም ቅዳሜና እሑድን ከነዲስኩ ቢሯችን ውስጥ አደረ። እኔ የግምጃ ቤት ሥርዓት ሥራ ያጓትታል እያልኩ ሳማርር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን አፌን ይዣለሁ። ዶክተሯ ሰኞ ጠዋት ከመስክ ተመልሳ ፋይሏን ፈልጋ ስታጣ፣ ዲስኮቹ ገና አልተነኩም። ድምፅ የሚያሰማውን ዲስክ አንብቦ ለመጨረስ ሌሊቱን ሁሉ ፈጀ፤ ውጤቷ ወጣ። ወረቀቱን ስንልጥ የንብረት ቁጥሩ ከሥሩ ተገኘ።

ቀጥሎ የመጣው ስብሰባ ነው። የአስተዳደሩ ኃላፊ ስም የሚባል ነገር ይቅር፣ የሕንፃው፣ የወለሉና የክፍሉ ቁጥር ከንብረት ቁጥሩ ጋር ይቀጠልና መጠሪያ ይሁን አሉ። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። በየቅርንጫፉ አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ያለው ባንክ ሌላ ምን ያደርጋል? እኛ ጋ ግን ማሽን ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ ሁለተኛ ፎቅ የሚል ስም ይዞ አራተኛ ፎቅ የሚቀመጥ ኮምፒውተር በየቀኑ ይዋሻል። በስልክ ደግሞ ሰባትና ሰባ ይምታታሉ። በመጨረሻ የተስማማነው ቁጥሩ በመዝገቡና በብረቱ ላይ በጉልህ እንዲቀመጥ፣ ስሙ ከጎኑ እንዲጻፍ ነው። ሰዎች በየቀኑ የሚጽፉት ደግሞ የአገልግሎቱ መጠሪያ ይሆናል፦ «ፋይል»፣ «ማተሚያ»፣ «መጠባበቂያ»። እነዚህ ስምን ወደ ቁጥር በሚተረጉመው ሰርቨር ላይ የተመዘገቡ ተለዋጭ ስሞች ናቸው፤ ዛሬ ወደ አንዱ ማሽን፣ ነገ ወደ ሌላው ይጠቁማሉ። አሮጌው ማሽን ሲሄድ ተጠቃሚው ስሙን ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም።

ጭብጡን መምረጥ ከዚህ ሁሉ ይልቅ አከራከረ። የሐይቆችና የወንዞች ስም የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ የእኛ ናሙና ግን ከሐይቅ ነው የሚመጣው፣ «ዝዋይ ጨዋማነቱ ጨመረ» የሚል ሪፖርት መሐል ዝዋይ የተባለ ኮምፒውተር ምን ይሠራል? ዓባይና አባያን በላቲን የሚለያቸውም አንድ ፊደል ነው። ዓመታት ደርቆ ለከረመው ሐረማያ ደግሞ ፋይሉን በአደራ የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። የነገሥታትን ስም ያቀረበም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የትኛው ንጉሥ እንደወደቀ የሚነገርበትን ቢሮ ማንም አልፈለገም። ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት ደስ ይላሉ፣ ግን ቶሎ ያልቃሉ።

ዛፍ ላይ ረጋን። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ብሳና፣ ግራር፣ ጽድ። አጫጭር ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ እኛ ዛፍ አናጠናም። ሾላ የሰፈርም ስም ስለሆነ ከዝርዝሩ ወጣ። አንድ አጻጻፍ ተመርጦ ተመዘገበ፤ ሌላው የተለመደ አጻጻፍ ወደ እሱ እንዲጠቁም ተደረገ። መብራት የሚጨርሰው ትልቁ የስሌት ማሽን ባሕር ዛፍ ተባለ፤ ስለዚህ ክርክር አልተነሣም። ክርክር የተነሣው ኮሶ ላይ ነው። ለሒሳብ ክፍል ደረሰና የክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ቅሬታ አቀረቡ። የሊብስ ሰነድ የሚያሳፍር ስም አትስጥ ስለሚል ቅሬታቸው ተቀባይነት አግኝቶ ወደ ወይራ ተዛወሩ፤ ኮሶ የሚለው ስም የሚቀጥለውን አዲስ ተቀጣሪ እየጠበቀ ነው።