ትንሿን ዓሣ በመንጠቆ ላይ መሥራት

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ትንሿን ሞርሳ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስሬ፣ ቁጥር 10 መንጠቆ አስነክሼ እቀመጣለሁ። የምሠራው ዓሣ አጥማጁ ዶን ጌፐን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ በኒፒጎን ወንዝ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለመያዝ የፈጠረውን ማድለር ሚኖው የተባለ፣ ላባና ጠጉር በመንጠቆ ላይ በክር እየታሰረ የሚሠራ አስመሳይ ማጥመጃ ነው። የሚመስለው ስካልፒን የምትባለውን ጭንቅላተ ሰፊ ትንሽ ዓሣ ሲሆን፣ እሷም የአየር ከረጢት ስለሌላት በወንዙ ወለል ላይ ከድንጋይ ድንጋይ እየተሹለከለከች ትኖራለች።

ጅራቱ ተርኪ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ዝንጉርጉር ላባ፣ ገላው ከወርቃማ ጥብጣብ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ፈተናው ጭንቅላቱ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያህል የአጋዘን ጠጉር ቆንጥሬ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ላላ አድርጌ ጠምጥሜ ቀስ ብዬ ስስበው፣ ጠጉሩ ውስጡ አየር የያዘ በመሆኑ ብድግ ብሎ እየተበተነ በመንጠቆው ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ከዚያም ከታች ጠፍጣፋ፣ ከጎን ሰፋ ያለ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ በመቀስ እከረክመዋለሁ። ትናንት በመጨረሻው ዙር ክሩ ተበጥሶ ጠጉሩ በሙሉ የቡና ስኒዬ ውስጥ ገባ። ብዙዎች ጭንቅላቱን እንደ ኳስ አሳምረው ይከረክሙታል፤ እኔ ግን ሸካራውን እመርጣለሁ።