ከዘጌ እስከ ፎገራ፦ የክረምቱ መግቢያ ሲጠበቅ

ባሕር ዳር የገባሁት በግንቦት ማብቂያ፣ የጣና ውኃ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ በሚልበት ሰሞን ነው። በማግስቱ ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ ስንሻገር ሰማዩ ዳመና ቢያዝልም ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ከጀልባው ስንወርድ፣ ውኃው ባለፈው መስከረም የደረሰበት ነጣ ያለ መስመር በማረፊያው ድንጋዮች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ሐይቁ ከክረምት በኋላ ሞልቶ በሰኔ መግቢያ እስኪጎድል ድረስ ከፍታው በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ይለዋወጣል።

ጀልባውን የሚነዱትን አዛውንት «ጋሼ፣ ከዚህም በታች ወርዶ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በዘጠና አምስት ጊዜማ መርከቡም መሄድ አቅቶት ቆሟል፣ ልጄ። ደንገሉ ደርቆ፣ ውኃ የነበረበት ሜዳ ሆኖ ከብት ተሰማርቶበታል» አሉኝ።

የ1994 ክረምት ኤልኒኖ፣ ማለትም የሰላማዊ (ፓስፊክ) ውቅያኖስ ከልክ በላይ መሞቅ፣ የተከሰተበትና ዝናቡ ያነሰበት ነበር። ይሁን እንጂ ሐይቁ በ1995 እንደዚያ የጎደለው በዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ በ1988 የተሠራው የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ይለቅ የነበረው ውኃም ድርሻ ነበረው። ከጣና ወለል በትነት የሚጠፋው ውኃ በቀጥታ ከሚዘንብበት ስለሚበልጥ፣ ሐይቁን የሚያኖሩት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲቀር ጉድለቱ በእነዚህ ወንዞች በኩል ወደ ሐይቁ ይደርሳል።

ስለ ኤልኒኖ ሲነገር ብዙ ጊዜ አገሪቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ የምትደርቅ ይመስላል፤ ይህ አነጋገር ገበሬውን እንደሚያሳስት አምናለሁ። የሰላማዊ ውቅያኖስ ምድር ወገብ አካባቢ ከልክ በላይ ሲሞቅ በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ዋናው የክረምት ዝናብ ይዳከማል፣ ዘግይቶም ይገባል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ግን በዚያው ዓመት የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል። ያው ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ላኒና ሲመጣ፣ ነገሩ ይገለበጣል። በ2007 ክረምት በኤልኒኖ ምክንያት የሰሜኑና የምሥራቁ አዝመራ ተበላሽቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሲሆን፣ ከ2013 እስከ 2015 ደግሞ ላኒና ተደጋግሞ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። የ1965ቱም ሆነ የ1977ቱ ረሀብ ከክረምት ዝናብ መቅረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሆኖም ድርቁን ወደ እልቂት ያደረሰው መንግሥታት ችግሩን መሸፈናቸው፣ በ1977 ደግሞ በላዩ ጦርነት መጨመሩ ነው። ይህን የሰማይ ጥፋት ብቻ አድርጎ መተረክ የሞቱትን መበደል ነው።

ከዘጌ መልስ በጎንደር መንገድ ወደ ወረታ አቀናሁ። የጉማራ ድልድይ ሥር የሚፈሰው ውኃ እጅግ ቀጥኖ ነበር። በፎገራ ሜዳ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ተሰነጣጥቆ፣ እጄን ባስገባ እስከ አንጓዬ ይውጠዋል። በ1998 ነሐሴ ጎርፍ ያጥለቀለቀው ይኸው ሜዳ ነው።

ማሳቸውን ለሩዝ ሲያለሰልሱ ያገኘኋቸው አባወራ ስለ ትንበያው ጠየቁኝ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያውን «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» በሚል የመሆን ዕድል እየሰጠ እንደሚያወጣ አስረዳኋቸው።

«ብዛቱስ ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ መቼ ገብቶ መቼ ይወጣል የሚለው ነው። ሰኔና ሐምሌ ዘንቦ በነሐሴ መጨረሻ ቢነጥፍ፣ ሩዙ አበባ ላይ ሳለ ውኃ ያጣል» አሉ።

ትክክል ናቸው። የወቅቱ ድምር መደበኛ ሆኖ አዝመራው ሊጠፋ ይችላል። አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው የውኃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ወደፊት ዝናቡ በጥቂት ቀናት ተጠራቅሞ በኃይል የመውረዱ፣ በመካከሉም ደረቅ ሳምንታት የመብዛታቸው ስጋት ከፍ ይላል። ስለዚህ ከወቅቱ ትንበያ ይልቅ በየ10 ቀኑ የሚወጣው መረጃ ቀበሌ ድረስ፣ በቶሎና በሚገባ ቋንቋ እንዲደርስ ሊደከምበት ይገባል። እኚህ አባወራ ያን ዕለት የያዙት ወሬ ከሬዲዮ የሰሙት «ዘንድሮ ክረምቱ ደህና ነው» የሚል ብቻ ነበር፤ ዘሩን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ቀድመው ሊዘሩ፣ ግማሹን እስከ ሰኔ ሚካኤል ሊያቆዩ ወስነዋል።