ዓምና ገና ጅቡቲ ነበርን

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

አዳማ ዛሬ ደምቃለች። ነፋሱ እንደ ወትሮው አቧራውን ያስነሳል፤ የገና ዋዜማ ገበያ ግን ለነፋስ የሚበገር አይደለም። ዶሮ ተራ በሰው ጢም ብሏል። ባጃጁ በግና ሰው አንድ ላይ ጭኖ ይከንፋል። ልጆቻችን ሰፈሩን ቀውጢ አድርገውታል። በዓሉ የጤና፣ የፍቅርና የጥጋብ ይሁንላችሁ። በሰው አገር ሆናችሁ ነገ እንደ ማንኛውም ቀን ሥራ የምትገቡም፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

በየዓመቱ የምጽፍላችሁ ይህችኑ ያህል ነበረች። ትናንት ማታ ግን እማዬ ቢላዋ እያሳለች ድንገት ቀና አለችና፣ "ፈረሰኛውን ዘንድሮ ለማን ላውጣ?" አለች። ማናችንም አልመለስንላትም።

አባዬ በጥቅምት አረፈ። ለቅሶ የደረሳችሁ ታውቃላችሁ። ያልሰማችሁም አሁን ስሙ። ስለዚህ የዘንድሮው መልእክቴ ረዘም ይላል። ስለ ዓምናው ገና፣ ከአባዬ ጋር ስላከበርነው የመጨረሻው ገና ላውራችሁ።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በወጣትነቱ የአሰብ መስመር፣ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጅቡቲ። የአገር ካርታ የተማርነው ከእሱ አፍ ነው። መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፣ ዲክል። እማዬ "ሰውየው የት ደረሰ?" ስትባል ከእነዚህ ስሞች አንዱን ነበር የምትጠራው። ሲመጣ ቴምር፣ ሽርጥና ኒዶ ወተት ይዞ ይገባል። ከዚያ ይተኛል። እኛም እስኪነቃ ድምፃችንን አጥፍተን እንውላለን።

ብዙ በዓል መንገድ ላይ ነው ያለፈው። ገናን ጋላፊ ድንበር ወረፋ ላይ፣ ፋሲካን ከተሳቢው ሥር ሰሌን አንጥፎ። የእኛ ዘይት፣ የእኛ ስንዴ፣ የገበሬው ማዳበሪያ በዚያ መስመር ነው የሚመጣው። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው ሲባል እሰማለሁ። ለእኛ ቤት ይህ ቁጥር በበዓል ቀን ባዶ የሚሆን አንድ ወንበር ነበር።

ልጆች ሆነን "ባሕሩን አሳየን" ስንለው መልሱ አንድ ነው። "ጅቡቲ ምን የሚታይ ነገር አላት? ሙቀትና ወረፋ ናት።" ዕድሜውን የተመላለሰባትን ከተማ አያውቃትም ነበር። የሚያውቀው መኪኖቹ የሚቆሙበትን ፒኬ 12ን ነው። የወደቡን በር፣ ሚዛኑን፣ የጉምሩኩን መስኮት ነው። ጭኖ ይወጣል፤ በቃ።

መንዳት ካቆመ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ሐሳብ አመጣ። "ገናን ጅቡቲ እናክብር። አባዬ አንዴ እንኳ እንደ እንግዳ ይያት።" እማዬ፣ "ሰው ለገና ከቤቱ ይወጣል እንዴ?" ብላ ሳቀችበት። እያደር ግን ተረታች። የረታቻት አንዲት ሴት ናት፤ ስለ እሳቸው በኋላ እነግራችኋለሁ።

በባቡር ሄድን። አባዬ ሲገባ ፊቱን ቋጥሮ፣ "ይቺ ናት እንጀራችንን የተሻማችን" አለ። መተሐራ ስንደርስ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ስንት ዘመን መሪ ጨብጦ ያለፈውን በሰቃን፣ የፈንታሌን ተራራ፣ እጁን አጣጥፎ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። "አቤት፣ እንዲህ ያምራል እንዴ?" ይላል ደጋግሞ። ድሬዳዋ አክስቴ ቤት አደርን። በነጋታው አዲጋላን፣ የአይሻን በረሃ፣ ደወሌን አልፈን ጅቡቲ፣ ነጋድ ጣቢያ ወረድን።

"ታኅሣሥ ላይ ጅቡቲ ሰው ናት" አለ አባዬ አየሩን አሽትቶ። "በሐምሌ ብትሉኝ ንቅንቅ አልልም ነበር።" እውነቱን ነው። በእኛ ክረምት እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

የመጀመሪያው ማታ ምኒልክ አደባባይ ወጣን። እማዬ ስሙን ስትሰማ፣ "የእኛው ምኒልክ?" አለች። የእኛው። አደባባዩ ዛሬ በነጻነት ቀናቸው በእ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977 ይጠራል፤ በሰው አፍ ላይ ግን እስካሁን ምኒልክ ነው። ዙሪያውን ቅስት በረንዳ ያላቸው ነጫጭ ሕንጻዎች አሉ፤ ከሥራቸው ሰው ወንበር አውጥቶ ይጫወታል። ከዚያ በእግራችን ወደ ሐሙዲ መስጊድ ወረድን፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራ ነው። አጠገቡ ገበያ ነው። አማርኛ ያልሰማንበት ጥግ የለም። አንዷ የቅመም ነጋዴ አባዬን "አባባ፣ ይቅመሱ" ብላ ቴምር ስትሰጠው ግራ ገባው። በዚያ ከተማ ወረቀት ሳይጠይቀው የሚያናግረው ሰው አልለመደም።

በማግስቱ ጠዋት ሲየስታ ወደሚባለው የባሕር ዳር ወሰድናቸው። ማታ በመኪና ስናልፍ ውኃው እስከ መንገዱ ድረስ ሞልቶ አይተነው ነበር። ጠዋት ውኃ የለም። ጭቃማ አሸዋ ነው፤ እስከ ሩቅ ድረስ። ሰዎች እላዩ ላይ ይሄዳሉ፤ ወፎች ይለቅማሉ። እማዬ ክው ብላ ቆመች። "ባሕሩ የት ሄደ?" ወንድሜ ጨረቃ ውኃውን ስባው ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። አላመነችውም። ነጠላዋን ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ "ሲመለስ አይቼ ነው የምሄደው" አለች። አባዬም አጠገቧ ተቀመጠ። እኛ ልጆቹን ይዘን ዞር ዞር አልን። ስንመለስ ውኃው በትንሽ በትንሹ መጥቶ ጫማዎቿ ሥር ደርሷል። እሷም አባዬን እጁን ይዛዋለች። በልጆቻቸው ፊት እጅ ለእጅ ሲያያዙ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሴትየዋ ልምጣ። ፒኬ 12 አጠገብ ምግብ ቤት አላቸው፤ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ሹፌሩ ሁሉ "እትዬ" ነው የሚላቸው። አባዬ አንድ ጊዜ እዚያ ወባ ጥሎት ነበር። እትዬ ከመኪናው ሥር አንስተው ቤታቸው አስተኙት። ሾርባ እያጠጡ፣ ልብሱን እያጠቡ አስታመሙት። ለእማዬም ደወሉላት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በስልክ እህትማማች ሆኑ፤ በአካል ግን ተያይተው አያውቁም። እማዬን ጅቡቲ የወሰዳት ይህ ነው።

ቁሌቱን ከአዳማ ሠርታ፣ በፕላስቲክ ዕቃ አሽጋ፣ በጭኗ ይዛው ነው የሄደችው። ለልደት ሌሊት እዚያው ከተማ ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ አስቀድሰን፣ በቀጥታ ወደ እትዬ ቤት አመራን። በሩ ላይ ተያዩ። ሁለቱም ምንም አላሉም። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እትዬ፣ "በድምፅሽ ረጅም ትመስዪኝ ነበር" አሏት፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዶሮው ተሠራ። በበዓል መንገድ ላይ የቀሩ ሹፌሮችና ረዳቶች አንድ በአንድ መጡ። ፈረሰኛው ሊወጣ ሲል እማዬ ጭልፋውን ለእትዬ ሰጠቻቸው። "እኔ በሌለሁበት እርስዎ ነዎት ያበሉት" አለቻቸው። አባዬ ቀና ብሎ ማንንም አላየም። እንጀራውን እያየ በላ።

በነጋታው ወደ ባሕሩ ገባን። ሌስካል ከምትባለው የጀልባ ማረፊያ ተነስተን ወደ ሙሻ ደሴት። አባዬ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጧል። ባለጀልባውን "ፍሬኑ የት ነው?" ብሎ ጠየቀው። ፍሬን የለም ሲባል ትንሽ አሰበና፣ "እንግዲያው ቀስ በል" አለው። ከወደቡ ራቅ ስንል ዞሮ አየ። የድሮው ወደብ፣ ከዚያ ወዲያ የአዲሱ ወደብ የዶራሌ ክሬኖች፣ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች። ዕድሜውን በጓሮ በር ሲገባበት የኖረውን ቤት ያን ቀን ከፊት ለፊቱ አየው። ዝም ብሎ ቆየና፣ "ለካ ወረፋ የሚጠብቁት እነሱም ናቸው" አለ። መርከቦቹን ማለቱ ነው።

ደሴቷ ጋ ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ሥሩ ድረስ ይታያል። የወንድሜ ልጅ ገብቶ እየተንቦራጨቀ፣ "ሶደሬ ይሻላል፣ ሙቅ ነው" አለን። አባዬ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገባ። ውኃውን በመዳፉ ዘግኖ ፊቱን ታበሰ። ከዚያ የተናገረውን ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልነግራችሁም። "አዋሽ በእኛ አገር በአዳማ በኩል አልፎ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚቀረው። ባሕር አይደርስም። እኔ ደረስኩ።"

የቀረውን ባጭሩ ላውራው። የየመኖቹን ዓሣ በላን፤ ከጀርባው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ከምድጃው በትኩስ ቂጣ ይመጣል። እማዬ አጥንቱን ለቃቅማ ጨርሳ "የባቱን ቆሮሶ ግን አያህልም" አለች፤ በዚህ እኔ አልስማማም። አሳል ሐይቅም ሄድን። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ በታች ያለ ምድር የለም። አባዬ ጨው በመሃረቡ ቋጥሮ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ሹፌሩን "ማርሽ ቀንስ" ሲለው ነበር።

ከመጣን በኋላ የሰፈሩን ሰው በወሬ አሰለቸው። ዕድሜ ልኩን "ምን አላት?" ያላትን ከተማ ቡና በተፈላ ቁጥር ያነሳታል። ስኳሩ ሲጠናበት፣ ኩላሊቱ ሲደክም እንኳ ጨዋታው እሷው ነበረች።

አሁን ምስጋናዬ።

አባዬን በእኩለ ሌሊት አቅፈህ ሐኪም ቤት ያደረስከው የጎረቤታችን የባጃጅ ልጅ፣ ሒሳብ ስሰጥህ እጄን መልሰህ ኪሴ የከተትከው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። የሌሊት ተረኛ የነበርሽው ነርስ፣ ፈረቃሽ አልቆ እንኳ ካጠገቡ ያልተነሳሽው፣ እንኳን አደረሰሽ። የእድራችን እናቶች፣ እስከ ሠልስት ምድጃችንን ያልለቀቃችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ። በቀብሩ ቀን መኪናችሁን ዳር አቁማችሁ ክላክስ ያሰማችሁ ሹፌሮች፣ ያን ድምፅ ቤተሰቡ በሙሉ ሰምቶታል።

አንተ ደግሞ፣ የአባዬ ረዳት የነበርከው፣ ዛሬ የራስህን ተሳቢ የምትነዳው። ከሰመራ ሌሊቱን ነድተህ ለቀብሩ ደረስክ። ነገ አዳማ ታልፋለህ ብለውናል። እማዬ ዛሬ ጠዋት ቆርጣለች፤ ፈረሰኛው ያንተ ነው። ሳትገባ እንዳታልፍ።

አንድ መልእክት አባዬ ለዓመታት መኪናቸውን ለነዳላቸው ባለንብረት አለኝ። ጋሼ፣ ለቅሶ አልመጡም። አልደወሉም። ቀሪ ሒሳቡንም አልጠየቅንዎትም። አባዬ እስከ መጨረሻው ስምዎን በክብር ነበር የሚያነሳው። እንኳን አደረሰዎ የምለው ከልቤ ነው። ዛሬ ማታ መኪናዎን እየጠበቁ ጋላፊ የሚያድሩ ልጆች አሉ። የበዓል አበላቸውን ዛሬውኑ ይላኩላቸው። ለየሚስቶቻቸውም ይደውሉላቸው፤ ባሎቻቸው የት እንደደረሱ ይንገሯቸው።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እማዬ ብቻዋን ባሕር አላይም ብላለች። ለፋሲካ እርስዎ ይምጡልን። የባቡሩን ትኬት ወንድሜ ይልካል፤ ድሬዳዋ አክስቴ ትቀበልዎታለች። ቁሌቱን ይዘው እንዳይደክሙ፤ እሱ እዚህ ይሠራል። ቴምር ግን አይርሱ።

መልካም ገና!