እስከ ደመወዝ ድረስ ይቺን ስጣት

በዓመት ሁለቴ ሰዓት በሚቀየርበት አገር፣ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰበት የመኸር እሑድ ጠዋት ነው። በሩ ሲንኳኳ ዓይኔን እያሻሸሁ ከፈትኩ። ጎረቤቴ እማማ ቆመዋል፤ በእጃቸው አንዲት ጣሳ የድመት ምግብ። «ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወሩ አልደርስ ብሎህ ከሆነ አትፈር። ሁላችንም አልፈንበታል። እስከ ደመወዝ ድረስ ይቺን ስጣት።»

6 ኪሎ ተኩል የምትመዝነው ድመቴ፣ እሜቴ፣ ደግሞ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሕንፃውን ያናወጠችበትን እሪታ እሳቸውን ስታይ ቀጥ አደረገችው። ጭራዋን እግራቸው ላይ ጠምጥማ፣ የእንጀራ እናት እጅ ላይ እንደወደቀች ልጅ በቀጭኑ «ሚያው» አለች። «አይ ምስኪን!» አሉ እማማ። ምስኪኗ እሷ መሆኗ ነው።

ጣሳዋ ይኸው ፍሪጁ ላይ ተቀምጣለች። 85 ግራም፣ የሳልመን ጣዕም፣ በቀለበት የሚከፈት ክዳን። ብከፍታት እርዳታውን ተቀብያለሁ። ብመልሳት «አጥቶም ይኮራል» ልባል ነው። ሁለት ገዝቼ ብመልስ ብድር ሆኖ ይመዘገብብኛል። ድመት ላለው ሰው ልስጣት እንዳልል እማማ ደረጃው ላይ ካገኙኝ «ሸጣት» ማለታቸው አይቀርም። ጽሑፏን ወደ ግድግዳው አዙሬያት ነበር፤ አንድ እንግዳ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ መልሶ አዞራት። ማብቂያ ቀኗን አየሁት፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርሴን የምበላው በእርዳታ እህል ፊት ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ለሰዓት ለውጡ ያደረግኩት ዝግጅት ሁሉ በደንቡ የተሠራ መሆኑ ነው። ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ (በአሜሪካ የኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ በአውሮፓ የኦክቶበር የመጨረሻው) ትናንት በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቁርሱን የበላ እንስሳ ዛሬ ሆዱ የሚጮኸው የግድግዳው ሰዓት 11 ሲል ነው። ይህን አንድ ሰዓት በአንድ ሌሊት አትጭኑበትም፤ ትከፋፍሉለታላችሁ። ከእሑዱ በፊት ካለው ሰኞ ጀምሮ ቁርሱንም እራቱንም በየቀኑ 10 ደቂቃ ታዘገያላችሁ፤ ሰኞ 12፡10፣ ማክሰኞ 12፡20፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 1 ሰዓት ይደርሳል። እሑድ ያ 1 ሰዓት በአዲሱ ሰዓት 12 ነው፤ አለቀ። ላረጀ ወይም ቶሎ ለሚጨነቅ ውሻ 5 ደቂቃ እያላችሁ በ12 ቀን፣ ለግድ የለሹ 15 ደቂቃ እያላችሁ በ4 ቀን ይሆናል።

ምግቡን ብቻ ማዘግየት አይበቃም። ሽርሽሩም፣ ጨዋታውም፣ መብራት ማጥፊያውም አብረው ይሂዱ። እንስሳ የግድግዳ ሰዓት አያይም፤ የሚከተለው የቤቱን ተርታ ነው። የስልክ ማንቂያ፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ፣ ከዚያ የቁም ሳጥን በር፣ ከዚያ ሳህን። እናንተ በድሮው ሰዓት ተነስታችሁ ከተንጎዳጎዳችሁ ለእሱ ቁርስ ደርሷል። «ገና 40 ደቂቃ አለህ» ብትሉት ማን ይሰማችኋል?

ታዲያ ምኑ ጋ ተበላሸ? ራሱ በሰዓቱ ምግብ የሚያፈስ፣ ከዋይፋይ ጋር የሚገናኝ ማሽን አለ አይደል? እሱ ጋ። ሳምንቱን ሙሉ አሥር አሥር ደቂቃ ሲጨመርለት ቆይቶ ቅዳሜ ቀጠሮው 1 ሰዓት ሆኗል። ሌሊቱን ማሽኑ ማንም ሳያዘው የራሱን ሰዓት ወደ ኋላ መለሰ። ስለዚህ የእሱ 1 ሰዓት በሆዷ አቆጣጠር 2 ሰዓት ሆነ። ሳምንቱን የተለማመደችው ድመትና ምንም ያልተለማመደችው ድመት እኩል አንድ ሰዓት ተራቡ ማለት ነው። ብልህ ማሽን ብለው ነው የሚሸጡት። ሰው የሠራውን ሳያይ የራሱን ደርቦ የሚሠራ ብልህ ከመሥሪያ ቤት ሌላ የትም አላየሁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማሽኑ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚወስድ ከሆነ ቅዳሜ ማታ፣ የመጨረሻው ምግብ ከፈሰሰ በኋላ፣ የጠዋቱን ቀጠሮ ከ1 ወደ 12፣ የእራቱንም በዚያው ልክ መልሱት። ሰዓቱን በእጅ የምትሞሉት ዓይነት ከሆነ ምንም አትንኩ፤ ወይ ደግሞ ሰዓቱንም ቀጠሮውንም አብራችሁ ቀይሩ። አንዱን ነክታችሁ ሌላውን ከተዋችሁ ያው ጎረቤት ይመጣል። የየትኛው ወገን እንደሆነ ካላወቃችሁ የእሑድ ቁርስን መዝናችሁ በእጃችሁ ስጡና ከዚያ በኋላ የማሽኑን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ። አንድ ተጨማሪ ወጥመድም አለ። አሜሪካ ውስጥ በዚያች ሌሊት (በእኛ አቆጣጠር) ከ7 እስከ 8 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። በዚያ መሃል ቀጠሮ ካለ አንዳንዱ ማሽን ሁለቴ ሊያፈስ ይችላል። ድመቷ በዚህ ቅሬታ አታቀርብም፤ ስለዚህ ማንም አያውቅም።

ቆይ ግን ይህን ሁሉ ጣጣ ማን አመጣብን? ሰዓት እንቀይር የሚለውን ሐሳብ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ ጆርጅ ሃድሰን የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ነፍሳት ይሰበስብ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ቶሎ እየመሸበት ተቸገረ። የፈለገው ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሆን ሁለት ነበር! አንድ ሰው ጢንዚዛ በፀሐይ እንዲለቅም ተብሎ የኔ ድመት ትጩህ። በኋላ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሃል ተግባራዊ አደረገችው፣ ሌላውም ተከተለ። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2019 ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ አልቀረም። የአሜሪካ ሴኔትም እ.ኤ.አ. በ2022 መቀያየሩ ይቁም ብሎ አሳለፈ፤ እሱም እዚያው ቀረ። የአሜሪካዋ አሪዞና ግን ከናቫሆ ነባር ሕዝብ ግዛት በስተቀር ሰዓቷን አትነካም። የአሪዞና ድመቶች የት እንዳረፉ አውቀው አርፈዋል።

ወደ ድመታችን እንመለስ። ሰዓት የቀየረው ሰው ነው እንጂ ፀሐይዋ ያው ናት። ከአንጎል ሥር፣ ከሁለቱ ዓይን የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መተኛትንና መንቃትን የሚያስተካክል የሴሎች ስብስብ አለ፤ እሱን የሚያስተካክለው በዋናነት ብርሃን ነው። የምግብ ሰዓት ግን የራሱ ቆጣሪ ያለው ይመስላል። በቤተ ሙከራ ይህ ስብስብ የጠፋባቸው አይጦች እንኳ በመደበኛ ሰዓት ከተመገቡ ምግቡ ከመምጣቱ ቀደም ብለው መንጎራደድ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሁለት መያዣ አላችሁ፤ ሳህኑና መጋረጃው። በመኸሩ ለውጥ ጠዋት ቀድሞ ስለሚነጋ፣ እንስሳው የሚተኛበትን ክፍል ወፍራም መጋረጃ እስከ አዲሱ መነሻ ሰዓት ዘግታችሁ አቆዩት፣ ማታ ደግሞ መብራቱን አንድ ሰዓት አስረዝሙ። በጸደይ ተገላቢጦሹን አድርጉ፤ ማታ ቀደም ብሎ ጨለማ፣ ጠዋት ቶሎ ብርሃን።

ስለ እሪታው ደግሞ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ሲነጋና ሲመሽ ትነቃለች፤ ያ አይቀየርም። የሚቀየረው «ስጮኽ ሰው ይነሳል» የሚለው እውቀቷ ነው። ለ30 ደቂቃ ታግሳችሁ በ31ኛው ተነስታችሁ ከሰጣችኋት የተማረችው ትዕግሥት ሳይሆን ነገ 31 ደቂቃ መጮኽ እንዳለባት ነው። ዝም ማለት ከጀመራችሁ ደግሞ እሪታው ከመቀነሱ በፊት ይብሳል። ያኔ ነው ሁሉም ተስፋ ቆርጦ የሚነሳው፤ ሊቆም ሲል። ከተነሳችሁም በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሌላ ነገር ሥሩ፤ ከአልጋ መውረዳችሁና ሳህኑ መሙላቱ በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ይለያዩ። የብረት ሳህን ባዶ ወለል ላይ ካለ ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ አድርጉ። ድመት ሳህኑን በእጇ እየገፋች ኮሪደሩን ስትዞር ድምፁ ታችኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል፤ ጎረቤትም ባዶ ሳህን መሆኑን ከድምፁ ይለያል።

ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በላባ ወይም በገመድ አባሯት፤ በመጨረሻ እንድትይዘው ፍቀዱላት። ወዲያው የቀኑን ራሽን አንድ አምስተኛ ስጡ። አደን፣ መብላት፣ መላስ፣ መተኛት፤ የድመት ተርታ ይሄ ነው። ራሽኑን በሚዛን ለኩት፤ በስኒ የተለካ ደረቅ ምግብ አንድ ቀን ሞልቶ አንድ ቀን ጎድሎ ነው የሚውለው። ከዕለቱ ላይ ቀንሱ እንጂ አትጨምሩ፤ አለበለዚያ 6 ኪሎ ተኩል ትሆናለች፣ ከዚያ ተርባለች ብሎ የሚያምን ጎረቤት ይገኛል። ንጋት ላይ ቢጫ አረፋ የሚያስመልሰው ውሻም ብዙ ጊዜ ሆዱ ባዶ ሆኖ ስለሚያድር ነው፤ ሲተኛ ትንሽ ቢቀምስ ይሻለዋል። ካላቆመ ግን ሐኪም ይየው።

«በተፈጥሯዊ ነገር አረጋጋት» የሚለው ምክር ከጣሳዋ ጋር አብሮ መጣልኝ። የላቬንደር ዘይት ቤት ውስጥ ይረጭ ተባለ። እባካችሁ ይቅር። የድመት ጉበት ብዙ የዕፅዋት ዘይቶችን እንደ ሰው አጣርቶ ማስወገድ አይችልም፤ ቲ ትሪ የሚባለው ዘይት ደግሞ ጥቂት ጠብታውም ሊመርዝ ይችላል። በማሽን የሚረጨው ፀጉሯ ላይ ያርፋል፣ እሷም ትልሰዋለች። ሰው ለእንቅልፍ የሚወስደው የሜላቶኒን ማስቲካም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ዛይሊቶል በሚባል የስኳር ምትክ የጣፈጠ ነው፣ ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር ድንገት ጥሎ ጉበቱንም ሊያበላሽ ይችላል። ካትኒፕ የሚባለው ድመት የሚያስፈነድቅ ቅጠል ጉዳት የለውም፤ ግን ከሦስት ድመት ሁለቱን ያህል ብቻ ይነካል፣ ለ10 ደቂቃ ገደማ ያሳብዳል፣ ከዚያ ይበርዳል። ለእንቅልፍ ሳይሆን ለጨዋታው ተጠቀሙበት። ከሁሉ የሚበልጠው ተፈጥሯዊ መድኃኒት ድካም ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም በጠርሙስ አይሸጥም።

ቀልድ የሌለበት ቦታ አለ። ኢንሱሊን በየ12 ሰዓቱ የሚወስድ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ላይ ያለ እንስሳ ካላችሁ፣ ሽግግሩን ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ 15 ወይም 30 ደቂቃ እያሉ ከምግቡ ጋር ያንቀሳቅሱታል። ምግቡን ካልበላ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ኢንሱሊን አትስጡ፤ «ወግቼው ነበር ወይስ አልወጋሁትም» ብላችሁ ስትጠራጠሩም አትድገሙ። ቀኑን ሙሉ አልበላም ያለች ድመት ሰዓቱ አደናግሯት ነው ተብላ አትተው፤ በተለይ ወፍራም ከሆነች ጉበቷ በስብ ይጎዳል። ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ደግሞ ግማሽ ቀንም አይጠበቅላቸውም፤ ድርቆሽ ከፊታቸው አይጥፋ፣ መብላት ካቆሙ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

የጸደዩ ለውጥ ሲመጣ (በአሜሪካ የማርች ሁለተኛው እሑድ፣ በአውሮፓ የመጨረሻው) ሁሉም ይገለበጣል። አሁን ቁርሱ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይቀድማል፤ ቅዳሜ 11 ሰዓት ይደርሳል። ውሻው ገና ፊኛው ሳይሞላ ይወጣል፣ ቆሞ ያያችኋል፣ ይገባል፣ እናንተ ሥራ ስትሄዱ ምንጣፉ ላይ ይሸናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽርሽሩን ከ10 ወደ 20 ደቂቃ አርዝሙት፣ ወይም ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ለሁለተኛ ጊዜ አውጡት። ዋይፋይ ያለው ማሽንም እሑድ ሰዓቱን ወደፊት ያሻግራል፤ ቀጠሮው 11 ላይ ከተተወ ቁርሱን ከተለመደው አንድ ሰዓት ቀድሞ ያፈሳል። ይሄኛው ስህተት ድምፅ የለውም። ድመቷ ዝም ብላ ትበላለች፣ ለጥቂት ቀናት በዚያው ትለምዳለች፣ ከዚያ በኋላ የቁርስ ሰዓቷ ከንጋቱ 11 ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ቀጠሮውን ከ11 ወደ 12 መልሱት፤ የሌሊቱ 8 ተኩል ቀጠሮ ካላችሁም አንሱት፣ አሜሪካ ውስጥ ያቺ ሰዓት በዚያች ሌሊት የለችም።